ፍሬሽማን ፊዚክስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ፍሬሽማን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ትምህርቱ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ፤ ተማሪ ስለሚጎዱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«መምህሩ ጥሩ አድርጎ ካስረዳ ተማሪው ገብቶታል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አንድ ቀን የኒውተንን ሕጎች ጨርሰን ቁልፌን ወደ ላይ ወረወርኩና «ከእጄ ከወጣ በኋላ፣ ሽቅብ እየሄደ ሳለ ምን ፎርስ አለበት?» አልኩ። ፊት የተቀመጠች ጎበዝ ተማሪ «ቲቸር፣ የእጅዎ ጉልበት ነዋ! ሲያልቅበት ይመለሳል» አለች። ብዙዎቹ ተስማሙ።

አየሩን ካልቆጠርን ቁልፉ ላይ ያለው ስበት ብቻ ነው። እጄ ከለቀቀው ጀምሮ ወደ ላይ የሚገፋው ነገር የለም፤ ሽቅብ የሚሄደው ቀድሞ ባገኘው ፍጥነት ነው፣ ስበት ያንን እየቀነሰ ይመልሰዋል። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። «ጉልበት» የሚለው ቃላችን በፊዚክስ የሚለያዩትን ፎርስንም (የሚገፋ ወይም የሚስብ ኃይል)፣ ኢነርጂንም (ሥራ የመሥራት አቅም)፣ ሞመንተምንም (መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ) አንድ ላይ ይዟል። ድንጋይ ስትወረውር ያደገችው በዚያ ቃል እያሰበች ነው፤ የእኔ ሰሌዳ ያንን አልነካውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሄክ በ1998 እ.ኤ.አ. 6,542 ተማሪዎች የተማሩባቸውን 62 የፊዚክስ ኮርሶች አነጻጽሮ ነበር። ከኮርሱ በፊትና በኋላ በተሰጠ ፈተና፣ ሊሻሻል ይችል ከነበረው ውጤት ውስጥ በሌክቸር የተማሩት በአማካይ 23 በመቶውን፣ እየተወያዩ የተማሩት 48 በመቶውን አሻሻሉ።

«ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ምን ውይይት አለ?»

የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር በትልልቅ ክፍሎች ነው የሠራበት፦ ጥያቄ፣ የየግል መልስ፣ ከጎን ካለው ጋር ክርክር፣ እንደገና መልስ። እኔ ለምሳሌ «ሚኒባሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚገፋችሁ ምንድን ነው?» እላለሁ። ጎረቤት እንዳያይባቸው ከምርጫዎቹ የመረጡትን መልስ ቁጥር በጣት፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያሳያሉ። ከዚያ ክፍሉ ይንጫጫል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይከራከሩ፤ እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል። (የሚገፋቸው የለም። ሰውነታቸው በነበረበት ፍጥነት ሊቀጥል ሲል ነው መኪናው የሚቆምበት።)

«ላብራቶሪ ከሌለ ሙከራ የለም»

1 ሜትር ሲባጎ፣ ድንጋይና የስልክ ሰዓት ይበቃል። መስኮት ላይ አንጠልጥሎ ትንሽ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ 20 ደርሶ መልስ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ግን መጀመሪያ «ድንጋዩ ቢከብድ ይፈጥናል?» ብላችሁ ግምታቸውን አጽፏቸው። ሳይገምቱ ያዩት ሙከራ ትርኢት ሆኖ ያልፋል።

«ተማሪው ከወደደው ተምሯል»

በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ የሃርቫርድ ጥናት፣ በክፍል ውስጥ እየሠሩ ፊዚክስ የተማሩት ተማሪዎች ከሌክቸሩ ያነሰ የተማሩ መስሏቸው ነበር፤ ፈተናው ላይ ግን የበለጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት እነግራቸዋለሁ፤ ግራ ገብቷቸው ሲወጡ አልተማርንም ብለው እንዳይደነግጡ።