ዉድፎርድ፦ ስለ ሲልቪያ ፓንክረስት መንደር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ለአርበኞች በተለየው ስፍራ እንዳረፉ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቃል። ከዚያ በፊት ከ30 ዓመት በላይ የኖሩባትን ዉድፎርድን ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው፤ የሚጎበኛትም ብዙ ጊዜ አሳስቶ ተረድቷት ይመለሳል። ዉድፎርድ ከለንደን መሃል በስተሰሜን ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ባቡር የወለዳት የለንደን ሰፈር ናት»

ባቡሩ የደረሰው በ1856 ነው፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ በ1947። መንደሯ ግን ንጉሥ ዊልያም ቀዳማዊ በ1086 ባስመዘገበው የመሬት መዝገብ ውስጥ አለች። ያን ጊዜ የዋልታም ቤተ ክርስቲያን ካህናት ጉልት ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ገዳም ሆነ፤ ገዳሙ በ1540 እስኪፈርስም ድረስ በዚያው ቆየች። ስሟ «ጫካ» እና «መልካ» ከሚሉ ሁለት የድሮ እንግሊዝኛ ቃላት የተገጠመ ነው። መልካው የሮዲንግ ወንዝ መሻገሪያ ነው።

ከባቡሩ በፊት የነበሩት ትልልቅ ቤቶችም የለንደን ነጋዴዎች ናቸው። ከከተማው ጭስ መራቅ ይፈልጋሉ፣ ነገር ግን በፈረስ ሄደው ጉዳያቸውን ጨርሰው መመለስ አለባቸው፤ ርቀቱ ለዚያ ተስማሚ ነበር። ስለዚህ ዉድፎርድ የከተማ ሰው መኖሪያ የሆነችው ባቡር ከመፈልሰፉ አስቀድሞ ነው። ባቡሩ ያመጣው ለውጥ ባለ ሠረገላው ብቻ ሳይሆን ደመወዝተኛ ጸሐፊውም እዚያ መኖር መቻሉ ነው።

«መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያው መንደር»

የእንግሊዝ መንደር ሲባል ብዙ ሰው በአእምሮው የሚስለው ይህን ነው። ዉድፎርድ ግን እንዲህ ሆና አታውቅም። አንዱ የቤት ስብስብ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ሌላው ወንዙ ድልድይ አጠገብ፣ ሌላው በመስኩ ዳር፣ ሌላው ደግሞ ምንጩ ዘንድ፣ ተበታትነው የቆዩ ናቸው፤ አንድ ያደረጋቸው አጥቢያው ብቻ ነበር። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን አይተው «ይህማ አዲስ ነው» የሚሉም አሉ። የጡቡ ግንብ የተሠራው በ1708 ነው። አዲስ የሚመስለው የተቀረው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በ1969 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል።

«መስኩ የማዘጋጃ ቤት መናፈሻ ነው»

ዋናው ስሕተት ይህ ነው። የዉድፎርድን ጠባይ የሠራው ይህ መሬት ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

ዉድፎርድ ግሪን የሚባለው ሰፊ መስክ የኤፒንግ ጫካ አካል ነው። «ጫካ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ጫካ ማለት ዛፍ የበዛበት ቦታ ሳይሆን የንጉሥ የአደን ሕግ የሚሠራበት ግዛት ነው፤ ሜዳም ረግረግም መንደርም በውስጡ ይገኛል። አጋዘኑ የንጉሡ ነው፣ መሬቱ የባለ ጉልቱ ነው፣ ከብት የማሰማራት መብት ግን የአካባቢው ሰው ነው። ሦስቱ መብቶች በአንድ መሬት ላይ ተደራርበው ይኖራሉ። ከብቱ እንዳይደባለቅ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ምልክት በጋለ ብረት ይተኩስበት ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ባለ ጉልቶቹ መሬቱን እያጠሩ ለቤት መሥሪያ መሸጥ ጀመሩ። ያዳነው ነገር የሚገርም ነው። የለንደን ሲቲ፣ ማለትም የጥንታዊው የለንደን መሃል፣ አስተዳደር በ1853 ለመካነ መቃብር ብሎ በጫካው ጠርዝ እርሻ ገዝቶ ነበር፤ ከእርሻው ጋር የግጦሽ መብት አብሮ መጣ። አስተዳደሩ በ1871 እንደ ማንኛውም ባለ ከብት «ግጦሼ ታጠረብኝ» ብሎ ከሰሰ፤ በ1874ም ረታ። በ1878 የወጣው የኤፒንግ ጫካ ሕግ ጫካውን በአደራ ለዚሁ አስተዳደር ሰጠው። መስኩ እስከ ዛሬ ሳይታጠር የቀረው መቃብር ከነመብቱ በመገዛቱ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

የግጦሽ መብቱም በወረቀት ብቻ የቀረ አልነበረም። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከብቶች በዉድፎርድ ጎዳናዎች ይንጎራደዱ፣ አጥሩን ያላስተካከለ ሰው ጽጌረዳውን ይበሉበት ነበር። ያበቃው የላም እብደት በሽታ በተነሣበት በ1996 ገደማ ነው።

ሕጉ ግን ያበላሸውም አለ። የጫካው ዛፎች፣ በተለይ ሆርንቢም የሚባለው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ለማገዶ ይቆረጡ ነበር። አቆራረጡ የእኛ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ተቆርጦ እንደሚያቆጠቁጠው አይደለም። ግንዱ ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ እንዲህ ካልሆነ ለጋውን ቀንበጥ ከብቱና አጋዘኑ ይጨርሱታል። ቅርንጫፉ እስኪወፍር ከ10 እስከ 15 ዓመት ይጠበቅና እንደገና ይቆረጣል። የ1878ቱ ሕግ ይህን ልማድ «ዛፍ መጉዳት ነው» ብሎ አስቆመ። ያልተቆረጡት ቅርንጫፎች ግንድ አከሉ፤ ራሳቸው የከበደባቸው ዛፎች በነፋስ ከመሃል ይሰነጠቁ ጀመር። ጥላው ስለ ወፈረም ከሥራቸው ያለው ሣርና አበባ ጠፋ። ዛሬ ጫካው ውስጥ መጋዝ ሲሰሙ «ጥንታዊ ዛፍ እየጨፈጨፉ ነው» የሚሉ ጎብኚዎች የሚያዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የድሮ አቆራረጥ በጥንቃቄ የመመለስ ሥራ ነው።

«የድንጋዩ ቦምብ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ ነው»

በዋናው መንገድ ዳር፣ በድንጋይ መቆሚያ ላይ የተተከለ የአውሮፕላን ቦምብ ቅርጽ አለ። የተመረቀው ጦርነቱ ከመጀመሩ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በኦክቶበር 1935 ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችበት ወር ነው። ወዲያው ጉዳት ስለ ደረሰበት በጁላይ 1936 እንደገና ተመርቋል። የቀረጸው ኤሪክ ቤንፊልድ፣ ያስቀረጹት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ጽሑፉንም ብዙ ሰው በግልባጩ ይረዳዋል። መታሰቢያነቱ በ1932 ከአውሮፕላን ቦምብ የመጣልን መብት ለደገፉ ሰዎች መሆኑን ይገልጻል። ይህ ሽሙጥ ነው። በዚያ ዓመት በጄኔቭ በተደረገው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ የብሪታንያ መንግሥት፣ ራቅ ባሉ ግዛቶቹ ለ«ፖሊስ ሥራ» ቦምብ መጣል እንዲፈቀድለት ይከራከር ነበር። ሐውልቱ ይህን ለመቃወም እንደ ቆመ ራሱ ጽሑፉ ይናገራል፤ ችግሩ ሰው የመጀመሪያውን ሐረግ አንብቦ መሄዱ ነው።

ቦታውም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ሲልቪያ በ1924 ወደ ዉድፎርድ ሲመጡ እዚያው ቀይ ጎጆ በሚባል ቤት ከጣሊያናዊው አጋራቸው ከሲልቪዮ ኮርዮ ጋር ሻይ ቤት ከፍተው ነበር። ደንበኞቻቸው ጫካውን ለማየት ከለንደን የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

«ጋዜጣው ከለንደን መሃል የሚወጣ የስደተኞች ልሳን ነበር»

የሲልቪያ ጋዜጣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚዘጋጀው ቻርተሪስ በሚባል መንገድ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የሲልቪያ መኖሪያ ነበር። የመጀመሪያው እትም ቀን ሜይ 5፣ 1936 ነው፤ የጣሊያኑ የባዶልዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን። ሲልቪያም በዚያ ቀን 54 ዓመት ሞላቸው። በ1941 ድሉ ሲገኝ ሥራው አብቅቷል የሚሉም ተሳስተዋል፤ ጋዜጣው እስከ 1956 ዘልቋል። በእነዚያ 15 ዓመታት ከብሪታንያ መንግሥት ጋር ስለ ኤርትራና ስለ ኦጋዴን ተከራክሯል፤ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባስቧል።

ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ዉድፎርድ ይኖሩ ነበር የሚባለው ስሕተት ነው። መኖሪያቸው በምዕራብ እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ ነበር።

«ቸርችል የዉድፎርድ ነዋሪ ነበሩ»

ሐውልታቸው ከ1959 ጀምሮ መስኩ ላይ ስለ ቆመ እንዲህ ይመስላል። ቸርችል አካባቢውን ከ1924 እስከ 1964 በፓርላማ ወከሉ እንጂ የገጠር ቤታቸው ኬንት ውስጥ ነበር። በ1920ዎቹ ዉድፎርድ ግሪን ውስጥ ቤት ኖሯቸው የኖሩት በኋላ በምርጫ ያሸነፏቸው ክሌመንት አትሊ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ የሚወክሉት በምሥራቅ ለንደን ያለውን ላይምሃውስን ነበር።

«አድራሻው ኤሴክስ ነው» ወይስ «ለንደን ነው»?

እስከ 1965 ኤሴክስ፣ ከዚያ ወዲህ ለንደን። አሁንም ኤሴክስ ብለው የሚጽፉ ነዋሪዎች አሉ፤ ደብዳቤው ይደርሳል።

«ዉድፎርድ ጣቢያ ከወረዱ ደርሰዋል»

ዉድፎርድ ግሪን የራሱ ጣቢያ የለውም። በሴንትራል መስመር ወደ ኤፒንግ ወይም ወደ ላውተን የሚሄደውን ባቡር ይያዙ፤ በኒውበሪ ፓርክ በኩል ወደ ሄይኖልት የሚሄደው ሌይተንስቶን ላይ ይገነጠላል። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ትንሽ መስክ ፓንክረስት ግሪን ይባላል። ብዙ ሰው እዚያ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። የድንጋዩ ቦምብ ግን ገና ከ20 ደቂቃ በላይ የዳገት መንገድ ይቀረዋል፤ ሐውልቱ አጭር ስለሆነም የሚፈልጉት በእግር ካልሆነ በቀላሉ ያልፉታል።