በዋስ ወጣ ማለት ተፈታ ማለት አይደለም! ስንት ጊዜ ልናገር?

ዓርብ ከሰዓት ስልኬ ሲጮኽ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሐሙስ ማታ አንድ ልጅ እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ በሞባይል ስርቆት ተይዟል። ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ከጎረቤት፣ ከባጃጅ ሹፌር፣ ጣቢያው በር ላይ ሻይ ከምትሸጠው ሴት የሕግ ምክር ሲለቃቅም አድሮ በመጨረሻ ጠበቃ ትዝ ይለዋል። የሚደውልልኝም ሊጠይቀኝ አይደለም፤ የለቃቀመውን እንዳጸድቅለት ነው። ጅማ ላይ ጥብቅና ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ልጆቹ ይለዋወጣሉ፣ ወሬው ያው ነው።

«ስርቆት ዋስትና ያስከለክላል።»

አያስከለክልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል፤ ክልከላው ሕግ ለይቶ ለጠቀሳቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ተራ ስርቆት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 መሠረት ቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው የሚያስቀጣው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዋስትና ላይ በሩን የሚዘጋው ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ከሚያስከትሉ ወንጀሎች ጀምሮ ነው። በዚያ ላይ ተበዳዩ ሊሞት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ፤ ሁለቱ አብረው መሟላት አለባቸው ወይስ አንዱ ይበቃል በሚለው ጠበቆች ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። የስልክ ሌባ ጉዳይ እዚያ አይደርስም።

ግን «ስልክ ብቻ እኮ ነው የወሰደው» ብለው የሚመጡት ሁሉ ስልክ ብቻ አልወሰደም። አንድ አባት እንዲሁ ብለውኝ መዝገቡን ከፍቼ ሳየው ልጃቸው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ተማሪ በጩቤ አስፈራርቶ ነው የተቀበለው። ስልኩ ያው ስልክ ነው፤ ወንጀሉ ግን ሌላ ነው። ከኪስ መዥረጥ ስርቆት ነው። መምታት፣ ማነቅ፣ ማስፈራራት ሲገባበት ውንብድና ይባላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670። በቡድን ወይም በመሣሪያ ሲሆን ወደ 671 ይሄዳል፤ ከባድ ውንብድና ነው፤ እስከ 25 ዓመት። እኚህ አባት የተበሳጩት በዳኛው ላይ ነበር፤ ዳኛው ግን ያነበበው የተጻፈለትን ነው። ስለዚህ ለጠበቃ ስትደውሉ መጀመሪያ ፖሊስ የጠቀሰውን አንቀጽ ጠይቃችሁ ንገሩኝ፤ የስልኩን ዋጋ አይደለም።

«48 ሰዓት ካለፈ መልቀቅ ግዴታቸው ነው።»

48 ሰዓቱ ፍርድ ቤት የማቅረቢያ ጊዜ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜም አይቆጠርም። ካላቀረቡት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው። ካቀረቡት ደግሞ መርማሪው ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ልጁ ታስሮ የሚቆይበት ተጨማሪ ቀን፣ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ሊሰጠው አይችልም።

ሰው የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። ዋስትና የሚጠየቀው በዚያው ቀን፣ በዚያው ችሎት ነው። አንዲት እናት ጠበቃ ያልያዘ ሰው ችሎት ላይ አፉን መክፈት አይችልም ተብለው ከኋላ ወንበር ቁጭ ብለው ሰሙ፤ ልጁም እንዲሁ ተነግሮት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ዳኛው የምትለው አለ ብሎ ሲጠይቀው የለኝም አለ። 14 ቀን ተሰጠ። «የዋስትና መብቴ ይጠበቅልኝ፣ ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ዋስ አቀርባለሁ» ማለት ጠበቃ አይጠይቅም።

«እመን፣ ማታውኑ ይለቁሃል።»

ይህን የሚመክር ዘመድ ካለ ከጣቢያው በር አርቁልኝ። ያመነ አይለቀቅም፤ የሚያምነው በራሱ ላይ ማስረጃ ጽፎ ለመስጠት ነው። ዝም የማለት መብት አለው፤ አስገድዶ ቃል መቀበል በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነው። ፖሊስ በራሱ ሥልጣን በዋስ ሊለቅ የሚችልበት መንገድ አለ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ላይ። ነገር ግን ያ የሚሠራው ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስከትል ሲሆን ወይም ልጁ ወንጀሉን መሥራቱ ሲያጠራጥር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አጠራጣሪነቱ ሊያስለቅቀው የሚችለውን ልጅ እመን ብለን ጥርጣሬውን እኛው እናጠፋለታለን።

«ዋስትና አንዴ ከተከለከለ አለቀ።» በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። ቀኑን ቁጠሩ።

«ባለንብረቱ ይቅር ካለ ይፈታል።» ጃርሱማ፣ የሽማግሌ ዕርቅ፣ ክቡር ነገር ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ዕቃውን መመለስም ዋጋ አለው፤ ቅጣት ሊያቀል ይችላል። ስርቆት ግን በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት ወንጀሎች ውስጥ አይደለም፤ ባለንብረቱ ስለተወው ብቻ ዐቃቤ ሕግ አይተወውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«በዋስ ወጣ፤ አለቀ።»

ይህችን አረፍተ ነገር በሁለት ዓይነት ድምፅ እሰማታለሁ። የልጁ ቤተሰብ እልል እያለ ይላታል። ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ጥርሱን እየነከሰ ይላታል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም በዚህ ስሕተት ይከስራሉ።

ከተበዳዩ ልጀምር። ሂርማታ በኩል ሱቅ ያላቸው አንድ ነጋዴ ሌሊት ሱቃቸው ተሰብሮ ዕቃ ተወሰደ። ሌባው ተያዘ፤ ዕቃው ግማሹ ተገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ በዋስ ወጥቶ ጫት ተራ ሲስቅ አዩት። «ፖሊሱም ዳኛውም በልተዋል» አሉ፤ ይህንኑ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ምስክርነት መጥሪያ ሲደርሳቸው ቀደው ጣሉት። የሱቁ ዘበኛም እሳቸውን አይቶ ቀረ። ዐቃቤ ሕግ ምስክር አጥቶ ልጁ በነጻ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ብዬህ አልነበር?» ይሉኛል። ጋሼ፣ አላሉኝም፤ እርስዎ ነዎት የለቀቁት።

ጉቦ የለም አልልም፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ኖሬ እንዲህ ብል እኔም ራሴን እታዘበዋለሁ። ግን ሌባ በዋስ ስለወጣ ብቻ ተበልቷል ማለት አይቻልም። ያልተፈረደበት ሰው እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ ይህም በሕገ መንግሥቱ አለ። ዳኛው በዋስትና ቀን የሚጠይቀው ሰረቀ ወይስ አልሰረቀም ብሎ አይደለም። ቢወጣ በቀጠሮው ይመጣል? ሌላ ወንጀል ይሠራል? ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67። ስለዚህ ሌባው ምስክሬን አስፈራርቶብኛል የምትሉ ከሆነ ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ አታውሩት፤ ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ሄዳችሁ ተናገሩ። ዋስትና የሚያስከለክለው እሱ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ አጂፕ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ ነበረኝ። ተሳፋሪ የረሳውን ቦርሳ አልመለስክም ተብሎ ተከሰሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጉዳዩ ደካማ ነበር፤ ተከራክሬ የማሸንፈው ዓይነት። አጎቱ ደመወዙን አስይዞ ዋስ ሆነው። ልጁ ወጣ፣ ቤት ዶሮ ታረደ፣ እናቱ ሰፈሩን ቡና ጠራች። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። በመሐል የቡና ለቀማ ደረሰና ወደ አጋሮ ሄደ። ስልክ ስደውልለት ምን አለኝ? «ወንድም ጋሼ፣ ተፈታሁ እኮ!»

በቀጠሮው ቀን ስሙ ተጠራ፣ የለም። ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ታዘዘ፤ አጎቱም ያስያዘው ገንዘብ ለምን ገቢ አይደረግም ተብሎ ቀርቦ እንዲያስረዳ ተጠራ። አጎቱ ምን ያስረዳል? የእህቱ ልጅ ቡና እየለቀመ እንደሆነ? ከየወሩ ደመወዙ ተቆረጠ። ልጁ ተይዞ ሲመጣ ሁለተኛ ዋስትና ጠየቅኩ፤ ዳኛው መዝገቡን ገልብጦ አየኝ። ምንም አላለም፣ ማለትም አልነበረበትም። በቀጠሮው የማይመጣ ሰው መሆኑን ልጁ ራሱ አስመስክሯል። በመጨረሻ በነጻ ተሰናበተ፤ ግን ስድስት ወር ታስሮ። የስድስት ወሩ ምክንያት ቦርሳው አልነበረም።

በዋስ መውጣት ማለት ክሱን ከቤትህ ሆነህ መከታተል ማለት ነው። ቀጠሮውን በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉት፤ በስልኩ የፈረንጅ ካላንደር ላይ አስቀምጦ በአንድ ሳምንት የሳተ ደንበኛም አለኝ። ከከተማ የሚያስወጣ ሥራ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከታመማችሁ የሐኪም ማስረጃ በሰው ላኩ፤ ከቀጠሮው ከቀራችሁ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ሁልጊዜ ይጠረጠራል።

ዋስ ስለሚሆኑትም ልናገር፤ ይሉኝታ ብዙ ቤት አራቁቷልና። ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ፊርማ ብቻ ነው» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። ሌላው «ልጁ ከጠፋ እኔ በምትኩ እታሰራለሁ» ብሎ ወንድሙን እንኳ ይሸሻል። ዋስ በምትክ አይታሰርም። የሚጠየቀው የፈረመበትን ገንዘብ ነው፤ እሱንም እስከ መጨረሻው ሣንቲም ሊጠየቅ ይችላል። ዋስ የሚሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው የሚለውም ወሬ ነው፤ እንደ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ ወይም ጥሬ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በዛ የምትሉ ደግሞ ችሎት ላይ ተናገሩ፤ ዳኛው መጠኑን ሲወስን የተከሳሹንና የዋሱን አቅም ማየት አለበት። ልጁ የቀን ሠራተኛ መሆኑን ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? ዋስ ከመሆናችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህን ልጅ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ከአልጋው አንሥቼ ላመጣው እችላለሁ? ካልቻላችሁ፣ እናቱ ብታለቅስም አትፈርሙ።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር፦ እዚህ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የዋስትና ማመልከቻውም፣ «ዋቢ» የሚሉት ነገር፣ በዚያው ይጻፋል። በአማርኛ አጽፋችሁ ይዛችሁ መጥታችሁ ሬጅስትራር መለሰን አትበሉ። አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ተከሳሽ ግን በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ አፍሮ ገባኝ እንዳይል ንገሩት። ለጠበቃ የሚከፈል የሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

የመጨረሻው፣ «ለዋስትና የተከፈለ ብር ቀረ» የሚለው ነው። አልተከፈለም፤ ተያዘ እንጂ። ልጁ በቀጠሮው ሁሉ ከቀረበ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ቢፈረድበት እንኳ። ባለፈው ዓመት ከጂረን መንገድ አንድ ሽማግሌ ለሌላ ጉዳይ ቢሮዬ መጡ፤ የመሬት ነገር ነበር። ጨዋታ ሲመጣ ከሦስት ዓመት በፊት ለልጅ ልጃቸው 5000 ብር «ለመንግሥት ከፍለው» እንዳስፈቱት ነገሩኝ። ልጁስ? ተፈርዶበት፣ ቅጣቱን ጨርሶ፣ ሚስት አግብቷል። ደረሰኙስ አባባ? በማግስቱ ይዘውት መጡ፤ ቁርዓናቸው ውስጥ አጣጥፈው አስቀምጠውት ኖሯል። አብረን ሄደን ማመልከቻ አስገባን፤ ብሩ ሲወጣላቸው ሁለት ጊዜ ቆጥረው ለልጁ እንዳልነግርባቸው አስማሉኝ።