«ስልኩን ቀምቻት ተገላገልኩ»፦ ራስን ስለመጉዳትና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጅ ሰውነቷን ሆን ብላ እንደምትጎዳ ቤተሰብ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ ነው። በሙቀት ቀን እንኳ የማይወልቅ ሹራብ ያሳብቃል፤ ወይም በወንድሟ ስልክ ላይ ሳትዘጋው የረሳችው አካውንት። ከዚያ ቤቱ በሙሉ «ከየት አመጣችው?» ይላል፣ መልሱም ሩቅ አይደለም፦ «ከዚያ ከቲክቶኳ!» እውነትነት የለውም አይባልም። ግን ግማሽ እውነት ስለሆነ ወደ ተሳሳተ እርምጃ ይመራል።

ራስን መጉዳት ሲባል በአብዛኛው ለመሞት አይደለም፤ ሊሸከሙት ያቃተን ስሜት ለጥቂት ጊዜ ለማብረድ በራስ ሰውነት ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። እንዴት እንደሚደረግ እዚህ አንጽፍም። ለምን እንደሆነ ወረድ ሲሉ ይገባዎታል።

«ይህ የፈረንጅ ልጆች ነገር ነው»

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው ከ100 ታዳጊዎች 17ቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለመሞት ሳያስቡ ራሳቸውን ጎድተው ያውቃሉ። ጥናቶቹ በብዛት ከበለጸጉ አገሮች የመጡ መሆናቸው እውነት ነው። ያ ግን የሚናገረው ማን እንደተጠየቀ ነው እንጂ ማን እንደታመመ አይደለም። እኛ ጋ ነገሩ መጠሪያ ስለሌለው አንዴ «ድብርት»፣ አንዴ «ዓይነ ጥላ»፣ አንዴ «ጥጋብ» ይባላል። አዲስ አበባ ያለችውም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውም፣ እስራኤል ነታንያ ያለችውም ልጅ ሌሊት የምታየው ቪዲዮ አንድ ነው።

«ትኩረት ፈልጋ ነው»

ትኩረት የምትፈልግ ልጅ ለእናቷ፣ ለአስተማሪዋ፣ ለጎረቤት ታሳያለች። ራሳቸውን ከሚጎዱት አብዛኞቹ ግን ይደብቃሉ። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው። ዘመድ አዝማድ የሚያየው፣ የልደትና የጥምቀት ፎቶ የሞላበት አንድ አካውንት ይኖራል፤ ከጎኑ ደግሞ ስምም ፊትም የሌለው፣ የተቆለፈ፣ ጥቂት የማታውቃቸው ሰዎች ብቻ የሚገቡበት ሌላ። ለማያውቋት የምታሳየው ለአባቷ ስለማይነግሩባት፣ ቡና ላይም ወሬ ስለማያደርጓት ነው።

ከዚህም የተሰወረ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ውስጥ፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 6 በመቶ ገደማ ማንነታቸውን ደብቀው ስለ ራሳቸው ክፉ ነገር ለጥፈው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። አንዳንዱ «ማን ይደርስልኝ ይሆን?» ብሎ ለመፈተን ያደርገዋል። አንዳንዱ ስለ ራሱ የሚያስበውን በሌላ ሰው አፍ ለመስማት ነው። ስለዚህ ኮመንት ላይ የሚሰድባት ሰው ሲጣራ ራሷ ሆና ከተገኘች «ውሸታም» ብሎ ማጋለጥ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል።

«ካልፈለገችው አይመጣባትም»

ሞሊ ራስል በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ሃሮ የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ሞተች። የአሟሟቷ ምርመራ በሴፕቴምበር 2022 ሲጠናቀቅ የቀረበው ቁጥር ዛሬም ያስደነግጣል፦ ከመሞቷ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ኢንስታግራም ላይ ካስቀመጠቻቸው፣ ላይክ ወይም ሼር ካደረገቻቸው 16,300 ፖስቶች ውስጥ 2,100ው ስለ ድብርት፣ ራስን ስለመጉዳትና ራስን ስለማጥፋት ነበሩ። ፒንተረስት የተባለው የምስል መተግበሪያ ደግሞ ድብርትን የሚመለከቱ ምስሎችን «ትወጃቸው ይሆናል» በሚል መንፈስ በኢሜይል ይልክላት ነበር። መርማሪው አንድሩ ዎከር የደረሱበት መደምደሚያ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፦ በድብርትና በኦንላይን ይዘት ጉዳት ሥር ሳለች በፈጸመችው ራስን የመጉዳት ድርጊት ሞተች። ሁለቱንም ነው የጠሩት፤ ሕመሙንም፣ ሕመሙን የመገበውንም።

ሳማሪታንስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅትና ስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት 5,294 ሰዎች ተጠይቀው፣ 83 በመቶዎቹ ራስን የመጉዳት ይዘት ሳይፈልጉት ፊዳቸው (መተግበሪያው መርጦ የሚደረድርላቸው ገጽ) ላይ እንደመጣባቸው ተናግረዋል። ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከዚህ ቀደም ራሳቸውን የጎዱ ስለሆኑ ቁጥሩን ለወጣት ሁሉ መዘርጋት አይቻልም። ለእነሱ ግን ፊዱ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ቪዲዮ የሚመርጥላት የመተግበሪያው ስሌት፣ አልጎሪዝሙ፣ ልብ አያነብም፤ ጣትና ሰዓት ነው የሚያነብ። ቪዲዮው ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየች፣ ደግማ እንዳየችው፣ ኮመንቶቹን እንደከፈተች፣ እንዳስቀመጠችው ይቆጥራል። በድንጋጤ የቆመ ጣትና በፍላጎት የቆመ ጣት ለእሱ አንድ ናቸው። ልጅቷ ተናዳ «ይህን አጥፉ!» ብላ ኮመንት ብትጽፍ እንኳ ቪዲዮው ሰው አናግሯል ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ወላጆች የሚሠሩት ስህተትም እዚሁ ላይ ነው። የልጃቸውን ስልክ ይዘው፣ «ምን ስታይ ነው?» ብለው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እነዚያኑ ቪዲዮዎች እየከፈቱ ያያሉ። በማግስቱ ፊዱ ከትናንቱ የባሰ ይሆናል። ማየት ካለብዎት በራስዎ ስልክ ይሁን።

ፊዱን ማጽዳት ይቻላል፤ አንድ ቀን ግን አይበቃውም። እሷ ራሷ ስልኩን ይዛ፣ እርስዎ አጠገቧ ሆነው ይሥሩት። መጀመሪያ ቲክቶክና ኢንስታግራም ሁለቱም ሴቲንጋቸው ውስጥ የይዘት ምርጫን የሚመለከት ክፍል ስላላቸው፣ ከዚያ ገብታ ጥቆማዎቹን እንደ አዲስ ታስጀምራቸው። ቀጥሎ ማየት የማትፈልጋቸውን ቃላት ታስገባ፤ በእንግሊዝኛም፣ በአማርኛም፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እንደሚመስለውም። ከዚያ ስሜቷን የሚያባብሱትን አካውንቶች መከተል ታቁም። የትኞቹ እንደሆኑ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የቀረው የየዕለት ሥራ ነው፦ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣ ሳትቆይ ተጭና ይዛ «አልፈልግም» የሚለውን መምረጥ፣ የምትወደው ነገር ላይ ደግሞ፣ እግር ኳስም ይሁን ሹሩባ፣ ሆን ብላ መቆየት። እንደ አዲስ ባስጀመሩት ማግስት ፊዱ ባዶና አሰልቺ ይሆናል። ብዙዎቹ የሚመለሱት ያን ቀን ስለሆነ አስቀድመው ይንገሯት።

«እነዚህ ግሩፖች በሙሉ መርዝ ናቸው»

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ነቅቷል? ቤተሰቡ ተኝቷል፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ቢኖር እንኳ ቢሮው ዝግ ነው። ግሩፑ ውስጥ ግን «እኔም እንዳንቺ ነኝ» የሚል ሰው አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለብዙ ልጆች ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል የተነፈሱበት ቦታ እዚያ ነው፤ አንዳንዱም ወደ ሐኪም እንዲሄድ የመከረው የግሩፑ ጓደኛ ነው።

ጉዳቱ ታዲያ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከግሩፑ አሠራር ነው። አንዲት ልጅ «ዛሬም አልቻልኩም» ብላ ጻፈች እንበል። ከሥር ሁለት መልስ መጣላት። አንዱ «ይቺማ ምን አላት፣ የኔን ብታዪ» ይላል። ሌላው «ምን ሆነሽ ነው ዛሬ? አጠገብሽ ሰው አለ? እራት በልተሻል?» ይላል። ሁለቱም ያዘኑላት ናቸው። የመጀመሪያው ግን ሳያውቀው ውድድር ከፈተ፤ ያልቆሰለ ሰው እዚያ መናገር እንደማይገባው አስተማራት። የቁስል ፎቶና የአደራረግ ዝርዝር ያለበት ቤት ይህ ፉክክር አይቀርለትም። እኛም ከላይ የአደራረግ ዝርዝር አንጽፍም ያልነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመዳን ጋር የሚመጣ ነው። አባልነቱ በሕመም ላይ የቆመ ከሆነ፣ የተሻላት ልጅ የምትለው ታጣለች፤ ስትድን ወዳጆቿን ትነጠቃለች። ሦስተኛው ቀን መቆጠሩ ነው። «ራሴን ሳልጎዳ 60 ቀን» ብሎ መለጠፍ ያበረታታል። በ61ኛው ቀን ከተሰናከለች ግን ቆጣሪው ዜሮ ይላል፣ ስልሳው ቀን እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ኀፍረቱም ወደዚያው ይመልሳታል። «በዚህ ወር ከአምስት ወደ አንድ ወረደ» ብሎ መመዝገብ ይሻላል። አራተኛው፣ ብዙም የማይወራለት፣ የ16 ዓመቷ «አማካሪ» ናት። ሌሊቱን በሙሉ የሌሎችን ሕይወት ስትጠብቅ ታድራለች፣ ስልኳን ለደቂቃ ካስቀመጠች ሰው የሚሞትባት ይመስላታል። ይህን ሸክም አዋቂ ባለሙያ እንኳ በፈረቃ ነው የሚሸከመው።

ደህና ግሩፕ ይታወቃል። ኃላፊነት የወሰዱ አዋቂ አስተዳዳሪዎች አሉት፣ ፎቶና የአደራረግ ወሬ ይሰረዝበታል፣ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ከላይ ተሰክቷል፣ ተሽሎት የሚወጣ ሰው ይመረቅበታል። «ለቤተሰብ እንዳትነግሪ» የሚል ሰው ካለበት ግን ሌላውን መመርመር አያስፈልግም፤ ውጪ። ማስጠንቀቂያ መለጠፉም ዋስትና አይደለም። «ከባድ ይዘት አለው» የሚለው ጽሑፍ ጭንቀትን ቀድሞ ከማስነሳት በቀር ሰዎች ይዘቱን እንዲተዉት ብዙም እንደማያደርግ ጥናቶች አሳይተዋል።

«ቃሉን ካገዱት ይጠፋል»

ተምብለር የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያና ኢንስታግራም ራስን መጉዳትን የሚያበረታታ ይዘትን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኢንስታግራም ደግሞ ዘግናኝ ምስሎችን እ.ኤ.አ. በ2019 ከልክለዋል። መከልከሉ ተገቢ ነው። ግን የታገደ ሃሽታግ በማግስቱ አንድ ፊደል ተለውጦበት ይመለሳል፣ ወይም በኢሞጂ ይተካል። አማርኛ ላይ ደግሞ «ሀ» እና «ሐ» እየተቀያየሩ፣ ግማሹ በግዕዝ ፊደል ግማሹ በላቲን እየተጻፈ፣ ማጣሪያው ይበልጥ ይቸገራል።

«ስልኩን ቀምቻት ተገላገልኩ»

ስልኩ ሲወሰድ ቪዲዮው ይቆማል። «አጠገብሽ ሰው አለ?» ያለው ጓደኛም አብሮ ይሄዳል። ስሜቱ ግን እቤት ቀርቷል። ልጅቷ የተማረችው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ከታወቀብኝ እቀጣለሁ። ቀጣዩ አካውንት በጓደኛዋ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ቁስሉም በልብስ ይበልጥ ይሸፈናል።

የሚሠራው ሕግ ለቤቱ ሁሉ እኩል የሆነው ነው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ በሙሉ፣ የአባትየውም ጭምር፣ ሳሎን ይሰካል። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ስሜትን ያባብሳል። አባትየው አልጋ ላይ ዩቲዩብ እያየ የልጁን ስልክ ቢሰበስብ ግን ሕጉ ሳምንት አይቆይም። «ሌሊት ቢብስብኝስ?» ካለች መልሱ አስቀድሞ ይዘጋጅ፦ ማንን እንደምትቀሰቅስ፣ ማን ጋ እንደምትደውል።

ንግግሩ የሚከብደው መጀመሪያው ላይ ነው። «ምን አጎደልንብሽ?» እና «ሰው ምን ይላል?» የሚሉት ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በሩን ይዘጉታል። «እንደማትደግሚው ማዪልኝ» ማለትም አይጠቅም፤ መሐላው ሲፈርስ ትደብቃለች። ይልቅ ፊት ለፊት ሳትቀመጡ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ወይም መኪና ውስጥ፦ «ክንድሽን አየሁት፣ የኔ ልጅ። አልተቆጣሁም። ሲብስብሽ ምን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ» በሏት። ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝምታው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ይፍጅ።

«ስለ ሞት ከጠየቅኳት ሐሳቡን እሰጣታለሁ»

አይሰጧትም። ጉዳዩን የመረመሩ ጥናቶች በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ደርሰውበታል። ራስን መጉዳት ከመሞት ፍላጎት የተለየ ቢሆንም፣ የሚጎዱ ልጆች በጊዜ ሂደት ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ መገመት አይቻልም። «መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በሉ፣ ሳታሽሞነሙኑት። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻዋን አትተዋት። መድኃኒትና ኬሚካል ቆልፉ። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። አሜሪካ የእርዳታ መስመሩ 988 በስልክም በቴክስትም ይሠራል፣ ሲደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝ 116 123፣ እስራኤል 1201 ነው።

ለራስን መጉዳት ተብሎ የተለየ ክኒን የለም። ክኒን የሚታዘዘው አብሮ ላለው ድብርት ወይም ሌላ ሕመም ነው። ዋናው ሕክምና ስሜትን መሸከም የሚያስተምር የንግግር ሕክምና ነው። ጸበልና ሐኪም ደግሞ አይጣሉም። ጸበል የምትሄድ ልጅ የጀመረችውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጥ፤ በድንገት ሲቆም የሚመጣው መባባስ «መንፈሱ ተቆጣ» እየተባለ ይተረጎማል።

«ምስጢሯን ካወጣሁ ከዳኋት»

ይህ የወላጆች ሳይሆን የጓደኞች ስህተት ነው። አንዲት ጓደኛችሁ የስንብት የሚመስል ነገር ብትለጥፍ ስክሪንሾቱን ግሩፕ ላይ አትበትኑት። አድራሻዋን የምታውቁ ከሆነ ለቤተሰቧ፣ ካልሆነም ለምታምኑት አዋቂ ወዲያው ደውሉ፤ አንዳችሁ ደግሞ በጽሑፍ አናግሯት፣ የት እንዳለችና ማን አጠገቧ እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ ፖስቱ ላይ ያለውን የሪፖርት ምርጫ ክፈቱና ራስን መጉዳት የሚለውን ምረጡ። ሪፖርት ያደረገው ማን እንደሆነ ለእሷ አይነገራትም፤ ኢንስታግራም ላይ ከሆነ እርዳታ የምታገኝበትን መረጃ የያዘ መልእክት ሊደርሳት ይችላል። ነገ ብትቆጣችሁ የምትቆጣው በሕይወት ሆና ነው።