ስከምቪኤም ምንድን ነው? የተገዛ የድሮ ጌም በዛሬ ላፕቶፕና ስልክ

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ፍላሽ ይዞ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ጌም ጫንልኝ» ማለት የኖረ ልማድ ነው። አሁን አሁን ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይሰማል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከኢንተርኔት መደብር አንድ የድሮ አድቬንቸር ጌም (ታሪክ እየተከተሉ እንቆቅልሽ የሚፈቱበት) በካርዱ ይገዛና መጫኛ ፋይሉን ይልካል። ተቀባዩ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ አለዚያም ከስልክ በቀር ሌላ የለውም። መጫኛው ለዊንዶውስ ስለተሠራ እምቢ ይላል። «በቃ፣ ብሩ ተበላ» ይባላል።

አልተበላም። የድሮ አድቬንቸር ጌም ሲገዛ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። አንደኛው የጌሙ ይዘት ነው፦ ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ንግግሩ፣ «ተጫዋቹ ቁልፉን በሩ ላይ ከሞከረ ይህ ይሁን» የሚለው ትእዛዝ ሁሉ። ሁለተኛው ይህን ይዘት እያነበበ ስክሪን ላይ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። ያረጀው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። ካሴቱ ደህና ሆኖ ቴፑ እንደተበላሸ ቁጠሩት። ስከምቪኤም የዚያን አሮጌ ፕሮግራም ቦታ የሚይዝ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክ፣ አንድሮይድ፣ አይፎን፣ ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሿ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ይሠራል።

ይዘቱና አንባቢው እንዲህ ሊለያዩ የቻሉበት ምክንያት ከሁሉም የሚገርመኝ ክፍል ነው። ወደ 1987 እንመለስ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የፊልም ሠሪው ጆርጅ ሉካስ ኩባንያ የጌም ክፍል ነበረው። ሮን ጊልበርት እዚያ «ማኒያክ ማንሽን» የተባለውን ጌም ሲሠራ የገበያው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር፤ ለኮሞዶር 64 የተጻፈ ፕሮግራም አፕል 2 ላይ አይነሳም፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ ላይም አይነሳም። ጌሙን ለየማሽኑ ከዜሮ መጻፍ ደግሞ የማያልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ጊልበርትና ባልደረባው አሪክ ዊልመንደር ለአድቬንቸር ጌም ብቻ የሚሆን ስከም የተባለ ቋንቋ ፈጠሩ። ታሪኩ በዚህ ቋንቋ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ ወደ አጫጭር የቁጥር ትእዛዞች ይቀየራል። ለእያንዳንዱ ማሽን የሚጻፈው እነዚያን ቁጥሮች እያነበበ የሚፈጽም አስተርጓሚ ብቻ ሆነ።

ይህን ያደረጉት የራሳቸውን ድካም ለመቀነስ ነው እንጂ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኪሱ ስልክ ይከፍተዋል ብለው አይደለም። ግን ያ ዕቅድ ለዛሬው መንገድ ጠረገ። ጌሞቹ ቀድሞውንም ከማሽኑ ተነጥለው የተጻፉ ስለነበሩ፣ አዲስ አስተርጓሚ የጻፈ ሰው ሁሉንም ባንዴ ያስነሳቸዋል። በ2001 ሉድቪግ ስትሪገስ የተባለ ስዊድናዊ ፕሮግራመር ከቪንሰንት ሃም ጋር ያደረገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ የቁጥር ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ ከጌሞቹ ከራሳቸው እየመረመሩ አዲስ አስተርጓሚ ጻፉ። ስትሪገስ ኋላ ፋይል ማውረጃውን ዩቶረንትን የሠራው ሰው ነው፤ ብዙዎቻችን እሱን ሳናውቅ ሥራውን እናውቃለን።

በጎ ፈቃደኞች እየተጨመሩ ሲሄዱ ፕሮጀክቱ ከሉካስ ጌሞች አልፎ ሄደ። «ኪንግስ ኩዌስት»ን የሠራው የሲየራ ጌሞች፣ «ብሮክን ሶርድ»ን የሠራው የእንግሊዙ ሬቮሉሽን ጌሞችና ሌሎች ብዙ ገቡ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ አሠራር ስለነበረው ዛሬ ስከምቪኤም አንድ አስተርጓሚ ሳይሆን ብዙ አስተርጓሚዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበ ነው። ሬዚጅዋልቪኤም የተባለው እህት ፕሮጀክትም በ2020 ተቀላቅሎ እንደ «ግሪም ፋንዳንጎ» ያሉትን አብሮ አምጥቷል።

«ዶስቦክስ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?» የሚል አይጠፋም። ዶስቦክስ የድሮውን ኮምፒውተር በሙሉ፣ ፕሮሰሰሩን ከነድምፅ ካርዱ፣ አስመስሎ ይሠራና ዋናውን አሮጌ ፕሮግራም በውስጡ ያስኬዳል። ስለዚህ የትኛውንም የዶስ ጌም ይሞክራል፤ ግን ለማሽኑ ከባድ ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ መዳፊትና ኪቦርድ ስለሚጠብቅ ያታክታል። ስከምቪኤም ኮምፒውተር አያስመስልም። አሮጌውን ፕሮግራም ጨርሶ አይነካውም፤ ይዘቱን ራሱ ያነባል። ስለዚህ ቀላል ነው፣ ጣትንም እንደ መዳፊት ይቀበላል። ቅር የሚያሰኘው የሚያውቃቸውን ጌሞች ብቻ ማስነሳቱ ነው።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ለእኛ አገር ሁኔታ የሚሻለው መደብር ጎግ ነው ባይ ነኝ። በ2008 ፖላንድ ውስጥ የተከፈተ ሲሆን የሚሸጠው ጌም የቅጂ መቆለፊያ የለውም። መጫኛውን አንዴ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠየቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ በካምፓስ ዋይፋይ አውርዶ ቤቱ ሄዶ ይጫወታል ማለት ነው። እንዲያውም ከጎግ የሚመጡ አንዳንድ የድሮ ጌሞች ውስጣቸውን ስታዩ ስከምቪኤም ራሱ አብሮ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።

መጫኛው ለዊንዶውስ የተሠራ መሆኑ ዋና እንቅፋት ይመስላል እንጂ አይደለም። ዊንዶውስ ያለው ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ፎልደሩን መገልበጥ ትችላላችሁ። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ኢኖኤክስትራክት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ መጫኛውን ሳታስኬድ ውስጡን ትዘረግፈዋለች። ከተዘረገፈው መካከል የምትፈልጉት የይዘት ፋይሎቹን ብቻ ነው። ለምሳሌ በ1992 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ የአትላንቲስ ጌም ሁለት ዋና ፋይሎች አሉት፤ ስማቸው በላቲን ፊደል አትላንቲስ ይባልና አንዱ በነጥብ 000፣ ሌላው በነጥብ 001 ያልቃል። ሞንስተር የሚባለው ሦስተኛው ፋይል ንግግሩን የያዘ ነው፤ እሱን ብትረሱ ጌሙ ይነሳል፣ ሰዎቹ ግን ድዳ ይሆናሉ። እነዚህን በአንድ ፎልደር አድርጉ፣ ስከምቪኤምን ክፈቱ፣ ጌም ጨምር የሚለውን ተጭናችሁ ፎልደሩን አሳዩት። ፋይሎቹን አይቶ የትኛው ጌም፣ የትኛው እትም እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። አንድሮይድ ላይ በቅድሚያ ፎልደሩን እንዲያነብ ፈቃድ መስጠት አለባችሁ፤ ስልክ ላይ «አልሠራም» የሚለው ስሞታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ሥዕሉ ጠፍጠፍ ብሎ፣ ክቡ ነገር ሞላላ ሆኖ ከታየ ብልሽት አይደለም። ጌሞቹ የተሳሉት በ320 በ200 ነጥብ ነው፤ የዚያን ዘመን ስክሪን ደግሞ ነጥቦቹን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ነበር የሚያሳያቸው። ማስተካከያው ውስጥ የሥዕሉን ምጥጥን የሚያርመውን ምልክት አድርጉበት።

መብራት በሄደ ቁጥር ለሚማረር ሰው ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ስከምቪኤም በየአምስት ደቂቃው የደረሳችሁበትን በራሱ ያስቀምጣል። የተቀመጠው ፋይል ትንሽ ነው፣ በአብዛኛው ከማሽን ወደ ማሽንም ይተላለፋል። ላፕቶፕ ላይ የጀመራችሁትን ፋይሉን ወደ ስልክ ገልብጣችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ስከምቪኤም ጌም አይተረጉምም፤ በእንግሊዝኛ የተሠራው በእንግሊዝኛ ይቀራል። ንግግሩንና ጽሑፉን ባንዴ ማብራት ይቻላልና እንግሊዝኛ ከመስማት ማንበብ ለሚቀናው ሰው ይረዳል። ሌላው፣ እንደገና ተስለው የወጡት አዳዲስ እትሞች የራሳቸው ፕሮግራም ያላቸው ናቸው። በ2009 የታደሰው «መንኪ አይላንድ» ዋናው የ1990ው ጌም አይደለም፤ ፎልደሩን እንዲሁ ለስከምቪኤም ብታሳዩት የአዲሱን ሥዕል አያስነሳላችሁም። ከመግዛታችሁ በፊት የጌሙን ስም ከነእትሙ ስከምቪኤም ከሚያሳትመው የሚደገፉ ጌሞች ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

ጌም ከስከምቪኤም ጋር አብሮ አይመጣም። «ስከምቪኤም ከነሙሉ ጌሞቹ» ተብሎ በፍላሽ የሚዞር ነገር ካጋጠማችሁ አብዛኛው ይዘቱ ባለቤት ያለው፣ ያለፈቃድ የተቀዳ ነው። ሶፍትዌሩን ለሚጭንላችሁ ልጅ የድካሙን መክፈል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ግን ዋጋ የለውም።

ካርድ ያለው ዘመድ የሌለው ሰውም አይቀርበትም። ሬቮሉሽን በ1994 ያወጣውን «ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ» በ2003 በነፃ ለቆታል፤ ኩባንያው ኮዱንም ለስከምቪኤም ሰዎች ሰጥቷቸው ነበር። «ፍላይት ኦፍ ዘ አማዞን ኩዊን»ም በነፃ ከተለቀቁት አንዱ ነው። ሁለቱንም ከስከምቪኤም ገጽ ማውረድ ይቻላል። ንግግር ያለው የ«ስቲል ስካይ» እትም 70 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን ነው፤ ንግግር የሌለው በጣም ያንሳል፣ በሞባይል ዳታም አይከብድም። እነዚህን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ብታቀባበሉ ማንም አይከሳችሁም፤ ፈቃዱ በነፃ ማሰራጨትን ይፈቅዳልና።