ሰዓቱን በ2,080 የምታባዙልን ወገኖች ሆይ

ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ጋሼ የእህታቸው ልጅ «ትልቅ አማካሪ ድርጅት» ውስጥ በሰዓት 80 ዶላር መግባቱን አበሠሩን። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው 80ን በ2,080 አባዙ። 2,080 የመጣው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ከሚለው ነው። መልሱ 166,400 ዶላር ሆነ፤ ጠረጴዛው እልል ሊል ትንሽ ቀረው። እኔ በዋሽንግተን አካባቢ ለእንዲህ ያሉ ድርጅቶች በአጫጭር ኮንትራት ስሠራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን ስሌት በየሠርጉና በየልቅሶው ስሰማም እንዲሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለእንጀራው ክብር ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን በየድግሱ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እያነሳሁ ልናገር።

«በሰዓት 80 ማለት በዓመት 166,400 ማለት ነው።» አይደለም። የኮንትራት ሠራተኛ የሚከፈለው ለሠራበት ሰዓት ብቻ ነው። በዓመት 11 የፌዴራል በዓላት አሉ። ቋሚው ሠራተኛ እየተከፈለው ያርፋል፤ እኔም ቢሮው ስለሚዘጋ ሳልወድ አርፋለሁ፣ ሰባራ ሳንቲም ግን አላገኝም። ለሌላው ፍስክ የሆነው ቀን ለእኔ ጾም ነው። 88 ሰዓት ሄደ። ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ደርሼ እናቴን ልይ ካልኩ 80 ሰዓት። አምስት ቀን ጉንፋን ከጣለኝ 40። ከዚያ ማንም ጋሼ ቆጥሮት የማያውቀው ትልቁ ቀዳዳ ይመጣል፤ አንዱ ኮንትራት አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለው ጊዜ። እኔ እንዳየሁት ሁለት ወር ከሆነ ተመስገን ነው። ስምንት ሳምንት እንበልና 320 ሰዓት እንቀንስ። የቀረው 1,552 ሰዓት በ80 ሲባዛ 124,160 ዶላር ይሆናል።

አሁን ደመወዙ በሰዓት 60 ዶላር የሚመታውን ቋሚ ሠራተኛ ተመልከቱ። በዓሉም፣ ዕረፍቱም፣ ጉንፋኑም ስለሚከፈለው 2,080 የሚሠራው ለእርሱ ነው፤ 124,800 ዶላር። ያ የተናቀው የ60 ዶላር ሰው በ640 ዶላር በልጦን አረፈ።

ገና ግብሩ አልመጣም። የልጁ ክፍያ የሚመዘገበው በቅጽ 1099 ከሆነ፣ በግብር ሕጉ ፊት ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ነጋዴ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) ከሚሰበሰበው 15.3 በመቶ ውስጥ፣ ደብሊው-2 የሚባለው የደመወዝ ቅጽ የሚሰጠው ተቀጣሪ ግማሹን ይከፍላል፣ ግማሹን አሠሪው ይችልለታል። ባለ 1099 ሁለቱንም ይሸከማል። ከላይ ባለው ገቢ ላይ፣ የሚቀነስ የሥራ ወጪ ከሌለ፣ ይህ 17,500 ዶላር ገደማ ነው። መደበኛው የገቢ ግብር ደግሞ ለብቻው አለ። የጤና መድንም አለ፤ አሠሪዎች በሚያቀርቡት መድን የአንድ ቤተሰብ አማካይ የዓመት ዋጋ በ2024 ከ25,000 ዶላር በላይ ነበር፣ አብዛኛውን የሚከፍለውም አሠሪው ነው። ለእኔ የሚከፍልልኝ የለም።

ስለዚህ ደንቤ አጭር ነው። ቋሚ ብሆን በሰዓት የሚደርሰኝን ቢያንስ በአንድ ተኩል አባዝተው ካልሰጡኝ በ1099 አልፈርምም። ክፍያ በገባ ቁጥር ሲሶውን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውራለሁ፣ ከዚያም በዓመት አራት ጊዜ፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15፣ ግብሬን እከፍላለሁ። ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የገባው ሁሉ የእኔ መስሎኝ መኪና ቀየርኩበት። ኤፕሪል ሲደርስ ለመንግሥት የምሰጠውን ከእቁብ ሰብሳቢያችን ተማጽኜ፣ ተራ አስቀድሜ አወጣሁ።

«የምሠራው ለትልቁ ድርጅት ነው።» አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ የእነርሱ ነው፣ አሠሪያችሁ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ለትልቁ ድርጅት ይሰጣል፤ ትልቁ ከፊሉን ለትንሹ ያካፍላል፤ ትንሹ ሰው ከሚያቀርብ ድርጅት ይወስዳል። አገር ቤት ደላላ የምንለው ነው፣ እዚህ ከረባት አስሯል። በየደረጃው የሰዓት ሒሳቡ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። አንድ ጊዜ በስህተት በተላከልኝ የክፍያ መጠየቂያ መሥሪያ ቤቱ ለእኔ በሰዓት 150 ዶላር እንደሚጠየቅ አየሁ። በእጄ የሚገባው 70 ነበር።

የዚህ ሰንሰለት ትርጉም የሚገባችሁ መንግሥት ሲዘጋ ነው። ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019፣ ለ35 ቀናት፣ በርካታ መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሳይጸድቅ ቀርቶ ተዘጉ። ገናችን መሐሉ ላይ ዋለ፤ ዶሮውን በክሬዲት ካርድ ገዛሁ። አጠገቤ የምትሠራው የመንግሥት ሠራተኛም ያለ ደመወዝ ከርማ ነበር፣ ግን ሲከፈት ያለፈው ሁሉ ተከፈላት፤ በዚያው ጃንዋሪ የወጣው ሕግ ለወደፊቱም ይህንኑ ደንግጎላታል። ለእኛ ለኮንትራቶቹ እንዲህ ያለ ዋስትና አልተሰጠንም። ያ 35 ቀን ለእኔ ቀልጦ ቀረ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ደግሞ ለ43 ቀናት ተዘጋ። ያኔ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ አስቀምጬ ነበር።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ውሉ የዓመት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ተረጋግቻለሁ።» የመጨረሻ ገጾቹን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ውሉን ለማቋረጥ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይበቃል የሚል አንቀጽ ተቀብሮ ታገኛላችሁ።

«ኤልኤልሲ ካወጣሁ ግብሬ ይቀንሳል።» ኤልኤልሲ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ነው፤ ሌላ የግብር ምርጫ ካላስመዘገባችሁ ግን አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ፣ የአንድ ሰው ኤልኤልሲን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው።

«ክሊራንሱን በራሴ አወጣለሁ።» አገር ቤት ሥራ ስንለቅ ንብረት መመለሳችንን የምናስፈርምበትን ወረቀት ማለታቸው አይደለም፤ ምስጢራዊ መረጃ ለማየት የሚሰጠውን የመንግሥት ፈቃድ ነው። ግለሰብ ሊያመለክትለት አይችልም፣ የሚያስፈልገው ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ነው የሚጠይቅለት። «አስወጣላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካለ ሌባ ነው።

«ኮንትራቱ ሲያልቅ የሥራ አጥ ክፍያ አገኛለሁ።» በደብሊው-2 ከነበራችሁ አመልክቱ። ለባለ 1099 ግን ይህ እምነት የኮቪድ ጊዜ ትራፊ ነው፤ ያኔ የተፈቀደው ልዩ ክፍያ በ2021 አብቅቷል።

«1099 ካሉኝ፣ ያው 1099 ነኝ።» ይህኛው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው ሳይጠይቅ የሚቀበለው ነው። ወሳኙ የወረቀቱ ስም ሳይሆን ሥራውን የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ ነው። ሰዓታችሁን እነርሱ ከወሰኑ፣ ኮምፒውተሩን እነርሱ ከሰጡ፣ እንዴት እንደምትሠሩም በየቀኑ እነርሱ የሚነግሯችሁ ከሆነ፣ ተቀጣሪ የመሆን ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ኤስኤስ-8 በሚባል ቅጽ አይአርኤስ እንዲወስን በነፃ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ወራት ይፈጃል። ደግሞም አይአርኤስ ለድርጅቱ ጽፎ ስለሚጠይቅ፣ ብዙዎቻችን የምንልከው ኮንትራቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከድግሱ ሁለት ሳምንት በኋላ የጋሼ የእህት ልጅ ስልኬን ፈልጎ ደወለልኝ። ውሉን አነበበልኝ፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ፣ በድርጅቱ ኮምፒውተር፣ በየማለዳው ስብሰባ፣ ክፍያው በ1099። የኤስኤስ-8 ቅጹን ላክሁለት። አመሰገነኝና ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለአጎቴ ግን አይንገሩብኝ» አለኝ።