የዋልተም ፎረስት ምክር ቤት፦ የሠራውና የቀረው

ዋልተም ፎረስት በሰሜን ምሥራቅ ለንደን የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። ለንደን እንዲህ ያሉ 32 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ እያንዳንዳቸው በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው። ቆሻሻ የሚያነሳው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው፣ አቅመ ደካማ አዛውንት የሚጦረው፣ እኛ የቀበሌ ቤት የምንለውን የሚያከራየው ይኸው ምክር ቤት ነው። የዋልተም ፎረስቱ 60 መቀመጫ አለው። በ2022 ምርጫ ሌበር የሚባለው የሠራተኞች ፓርቲ 47ቱን ወሰደ፣ ወግ አጥባቂዎቹ 13። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የነዋሪው ቁጥር በ2021 ቆጠራ 278,000 ገደማ ነበር።

ክፍለ ከተማው የተፈጠረው በ1965 ነው፤ ዋልተምስቶ፣ ሌይተንና ቺንግፎርድ የሚባሉ ሦስት ጎረቤታሞች ተዋሕደው። በ1968 የቪክቶሪያ መስመር ባቡር ዋልተምስቶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ስለ ሰፈሩ ሲወራ የሚነሳው ገበያው ነው። በአውሮፓ ረጅሙ የጎዳና ገበያ ነው ይባላል፤ ክርክር አያጣውም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መርዘሙን ግን ሁለት ዘንቢል አንጠልጥሎ የሄደበት ሁሉ ይመሰክራል።

ምክር ቤቱን ስም ያወጣለት የመንገዱ ሥራ ነው። በ2014 የለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ከመሀል ከተማ ራቅ ያሉ ክፍለ ከተሞችን አወዳድሮ ለሦስት አሸናፊዎች የብስክሌትና የእግር መንገድ ገንዘብ ሰጠ። ዋልተም ፎረስት 27 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰው። የፕሮጀክቱ ስም «ሚኒ ሆላንድ» ነበር፤ ትንሿ ሆላንድ እንደ ማለት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሹፌሮች ዋናውን መንገድ ሽሽት በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያቋርጣሉ፤ እንግዲያው የሰፈሩን መንገድ መሀሉ ላይ በአበባ ሳጥንና በምሰሶ ዝጋው። የሰፈሩ ሰው መኪናውን ይዞ ደጁ ድረስ ይገባል፣ አሳብሮ ማለፍ ግን የለም። እግረኛና ብስክሌት እንደ ልባቸው ናቸው። ኦርፎርድ የሚባለው የሱቆች መንገድ ደግሞ ቀን ቀን ከአንድ የአውቶቡስ መስመር በቀር ለመኪና ተዘጋ።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ባለሱቆች ደንበኛችን ሊቀርብን ነው አሉ፣ ሹፌሮች መኪናው ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ሊከመር ነው አሉ። በ2015 የኦርፎርድ መንገድ ሲመረቅ ተቃዋሚዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው መጡ፤ የሰፈሩ ቀብር ነው ለማለት። ፍርድ ቤት ድረስም ተኬደ፣ አልተሳካም። ምክር ቤቱ በበኩሉ ንቅንቅ አላለም። በኋላ በወጣው የምክር ቤቱ ቆጠራ መሠረት ዋልተምስቶ ቪሌጅ በተባለው ሰፈር ውስጥ ባሉ 12 መንገዶች ላይ የመኪናው ብዛት በ44 በመቶ ወርዷል። በዙሪያው ያሉ ትልልቅ መንገዶች ጨናነቃቸው ጨምሯል የሚል ቅሬታ ግን ዛሬም ይሰማል፣ ጨርሶ ከንቱ ነው ማለትም አይቻልም። የዌስትሚኒስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ሥራው በተሠራባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎች ካልተሠራባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሳምንት 41 ደቂቃ ያህል በተጨማሪ እንደሚራመዱና ብስክሌት እንደሚነዱ አገኙ። ከየቦታው ባለሥልጣናት ሊጎበኙት የሚመጡት ሰፈር የሆነው እንዲህ ነው።

በባህልም በኩል ምክር ቤቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚና የጌጥ ንድፍ ሠሪ ዊሊያም ሞሪስ በልጅነቱ የኖረበት ቤት፣ አሁን የእሱ ሙዚየም የሆነው፣ ታድሶ በ2012 እንደገና ተከፈተ፣ በዓመቱ በመላ አገሪቱ የዓመቱ ሙዚየም ተባለ። የክፍለ ከተማው መፈክር «ኅብረት ሕይወት ነው» የሚለውም ከሞሪስ የተወሰደ ነው። በ2017 በዋልተምስቶ ያሉት ትልልቅ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ዙሪያ ለሕዝብ ተከፈተ፤ 211 ሄክታር ውኃና ወፍ፣ መግቢያው በነጻ። በ2019 ዋልተም ፎረስት የመጀመሪያው የለንደን የባህል ክፍለ ከተማ ሆነ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ በ1930 የተሠራውንና ከ2003 ጀምሮ ተዘግቶ የከረመውን ትልቁን ሲኒማ ቤት ገዛ። ሕንፃው ሌላ ነገር እንዳይሆን ነዋሪው ዓመታት ሙሉ ተሟግቶለት ነበር። በ2025 የኮሜዲና የቴአትር ቤት ሆኖ በሩን ከፈተ።

ለእኛ የሚሆን አንድ ነገር እዚህ ጣል ላድርግ። ሲልቪያ ፓንክረስት የኖረችው ከክፍለ ከተማው ጎረቤት ዉድፎርድ ነው። ጣልያን በ1935 ወረረችን፤ ሲልቪያ ከ1936 ጀምሮ ድምፃችንን ያሰማችበትን ጋዜጣ ያዘጋጀችው ከዚያው ሆና ነው። መቃብሯ አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል ነው።

አሁን ቅድሚያ የተሰጠው ምንድን ነው? የአየር ንብረት አንዱ ነው። ምክር ቤቱ በ2019 የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ አውጇል። ከዚያም በፊት በ2016 የሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ከነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘቡን እንደሚያወጣ አስታውቋል፤ ከብሪታንያ ምክር ቤቶች ቀዳሚው ነው ይባልለታል። የጤና ልዩነት ሌላው ነው፤ በፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት የሚመራው ተቋም ክፍለ ከተማውን አጥንቶ በድሀውና በደህናው ሰፈር መካከል ያለውን የዕድሜና የጤና ርቀት አሳይቷል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ቤት ነው። ሰፈሩ ባማረ ቁጥር ኪራዩ ሽቅብ ይወጣል። ምክር ቤቱ በባቡር ጣቢያዎች አካባቢ ረጃጅም ሕንፃዎች እንዲሠሩ ይፈቅዳል፣ ከፊሉም አቅም ላነሰው እንዲሆን ይደራደራል። «አቅም ያገናዘበ» የሚባለው ኪራይ ራሱ የማንን አቅም እንዳገናዘበ ግን በየስብሰባው የሚነሳ ጥያቄ ነው። ቤት አጥተው በጊዜያዊ ማረፊያ የሚቆዩ ቤተሰቦች ወጪም እንደ ሌሎቹ የለንደን ምክር ቤቶች ሁሉ በጀቱን እየበላው ነው።