ሣሩ ሲነሳ ግቢው ድንጋይ አይሆንም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ 40 ካሬ ሜትር የሚሆን ሣር ነበረን። አሁን ቦታው ላይ እሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ጠጅ ሣር አለ። ውሃ ለመቆጠብ ብዬ ሣሩን ላነሳ ስል ያልተባልኩት የለም። ደሴ ያሉ ዘመዶቼም ይህንኑ እያሰቡ ስለሆነ፣ ደጋግሜ የሰማሁትን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሣር ምን ውሃ ይፈጃል? ማታ ማታ ረጨት ማድረግ ነው።»

እስቲ እናስላው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። በበጋ ፀሐይ ሣር እንደለመለመ እንዲቆይ በቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሊፈልግ ይችላል። ለ40 ካሬ 200 ሊትር መጣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ማለት ነው፤ ያውም በየቀኑ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የልብስና የወጥ ቤት ውሃ ነው። ረጨት ማድረግ ደግሞ ይብሳል። አፈሩ ላይ ላዩን ብቻ ይርሳል፣ ሥሩም ወደ ታች አይወርድም። ውሃ ጥቂት ቀን ሲጠፋ ሣሩ ቢጫ ይሆናል።

«ሰርዶውን በአንድ ቀን ነቅሎ መገላገል ነው።»

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቀን ሠራተኛ ይዤ ቆፈርን፣ አጸዳን፣ ደስ አለኝ። ዝናብ ጠብ ሲል ከበፊቱ በዝቶ ወጣ። ሰርዶ ከአፈር በላይም ከአፈር በታችም ይሄዳል፤ እያንዳንዱ አንጓ ደግሞ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በዶማ ስንቆራርጠው ችግኝ እያባዛንለት ነበር ማለት ነው። በኋላ የረዳኝ ትዕግሥት ነው። በበጋ ቆፍሬ ሥሩን ለፀሐይ ገለበጥኩት፤ የደረቀውን በእጄ ለቀምኩ። ከዚያ ካርቶን ደራርቤ አነጠፍኩና 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ገለባ ከላይ ጫንኩበት። አሁንም በጠርዝ በኩል ብቅ ይላል። ትንሽ ሳለ ስነቅለው ግን ሥራው የደቂቃዎች ነው። አብሽሩ፣ ይሸነፋል።

«ውሃ የማይፈልግ ግቢ ማለት ጠጠር ነው።»

አይደለም። ጠጠር ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ቤት ይመጣል። ከሥሩ ላስቲክ ማንጠፍም አይበጅም። ዝናቡ ወደ አፈሩ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ላዩ ላይ በተጠራቀመው አቧራ ደግሞ አረሙ ይበቅላል። ጠጠር ለመተላለፊያው ይበቃል።

«ድርቅ የሚችል ተክል ከተተከለ ጀምሮ ውሃ አያሻውም።»

ሥር እስኪይዝ ያሻዋል። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከሉት፤ ክረምቱ ያጠጣላችኋል። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው። በጥቁር አፈር ላይ እሬትን የሚገድለው ግን በጋ ሳይሆን ነሐሴ ነው። ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት።

«ደሴ ተዳፋት ነው፤ ሣሩ ከተነሳ አፈሩ ይሄዳል።»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ተዳፋት ግቢ ሣሩን በአንድ ጊዜ ገልጦ ክረምት መጠበቅ አደጋ ነው። ከላይ ጀምራችሁ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት አንሱ። ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ የድንጋይ እርከን ሥሩ፤ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ትከሉ። ቬቲቨር ጠጅ ሣርን ይመስላል፣ ቅጠሉ ሲታሽ ግን ያንን የሎሚ ሽታ አይሰጥም። ሥሩ ቀጥ ብሎ እስከ 3 ሜትር ሊወርድ ስለሚችል አፈሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። በእርከኖቹ መሐል ጦስኝ ያምራል። ጦስኝ ደጋ ይወዳል፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለችው ደሴ ትስማማዋለች። እኔ ከዘመዶቼ ያመጣሁት ሁለት ችግኝ ኮምቦልቻ ላይ አልበረከተልኝም።